የማርስ ገጸ ምድር ጥናትና የሰሜን ወሎ ባዛልት

በመንኮራኩርና በሮቦት ተሽከርካሪ የሚካሄድ የማርስ ዐለትና አፈር ምርመራ። ማርስን በሰፊው የሸፈነው ዐለት ባዛልት ነው፤ ከወልድያ ወደ ድልብ ሲወጡ ዳገቱን የሞላው ጥቁር ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። የወሎው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ፣ እንደ እንጀራ እየተነባበረ ረጋ።

ስፒሪት የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ጉሴቭ በተባለው ሰፊ ጉድጓድ ያረፈችው የሐይቅ ደለል ፍለጋ ነበር። በዙሪያዋ ያገኘችው ግን ኦሊቪን የተባለ ማዕድን የበዛበት ባዛልት ነው። ኦሊቪን ውኃ ሲነካው ቶሎ ይፈርሳል፤ ሳይፈርስ መቆየቱ ሜዳው ላቫው ከረጋ ወዲህ ብዙ ውኃ እንዳላገኘ አመለከተ። የአንድ ማዕድን መኖር ይህን ያህል መናገሩ የዚህ ጥናት ትልቁ ውበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጌል ጉድጓድ ያረፈው ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ ዐለትን ከሩቅ በሌዘር መትቶ ከብልጭታው ንጥረ ነገሩን ይለያል፤ ሰርስሮ ያወጣውን ዱቄት ደግሞ በኤክስሬይ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጥንታዊ ሐይቅ የቀረ፣ የሸክላ ማዕድን ያለበት የጭቃ ድንጋይ ማግኘቱ ተገለጸ። ዐለት ፈርሶ ሸክላ የሚሆንበት ሂደት ለሰሜን ወሎው የሀብሩ ወረዳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የዳገቱ ባዛልት በዝናብና በጊዜ ብዛት እየፈረሰ ሸክላ ይሆናል፣ ጎርፍም ወደ መርሳ ዙሪያ ቆላ ያወርደዋል። ስለዚህ ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከማርስ የሚላከውን ፎቶ ማንበቢያው ከደጁ አለ።

ፐርሲቪራንስ የተባለው ተሽከርካሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በጄዜሮ ጉድጓድ የዐለት ናሙና በቱቦ እያሸገ ያስቀምጣል።