ሁለት ካርድ የነበራቸው እናት፦ ከካርድ ክፍል እስከ ፍላሽ ዲስክ

ኢንተርን ሆኜ የሠራሁበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። አንዲት እናት የቆየ ካርዳቸው ሊገኝ ስላልቻለ አዲስ ወጥቶላቸው ተኝተዋል፤ ፔኒሲሊንም ታዞላቸዋል። ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች ሳለ ልጃቸው «እናቴ ያን ጊዜም በመርፌ ነው ፊቷ ያበጠው» አለ። ሁላችንም ቆምን። ካርድ ክፍል የሚሠሩት ጋሼ ግማሽ ሰዓት ያህል መደርደሪያ ሲበረብሩ ቆይተው አቧራ ለብሰው ብቅ አሉ። የአሮጌው ካርድ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» የሚል ተጽፏል። አዲስ ካርድ ሲወጣ አሮጌው እንደ ሞተ ተቆጥሯል፤ ውስጡ ግን ያልሞተ አንድ መስመር ነበረበት።

ለዚህ የመገናኛ መጽሔት ስለ ኮምፒውተር ዲስክ ታሪክ እጽፋለሁ ስል የባቼ ልጆች «ሐኪም ምን አግብቷት?» ብለው ስቀውብኛል። ያገባኝ ያ ካርድ ነው። ዛሬ በየላፕቶፓችን ያለው ዲስክ ቀን ከሌት የሚያስጨንቀው ይኸው ጥያቄ ነውና፦ የትኛው ገጽ ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም?

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ዜ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ንብርብር መካከል ኤሌክትሮንን አጥሮ የማስቀመጥን ሐሳብ አቀረቡ። መብራት ቢጠፋም የታጠረው ኤሌክትሮን አይወጣም። በ1971 የኢንቴሉ ዶቭ ፍሮማን በዚህ መንገድ የሚጻፍ ቺፕ ሠራ፤ ለማጥፋት ግን ቺፑን አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ለብዙ ደቂቃ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በቶሺባ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 በኤሌክትሪክ ብዙውን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቺፕ ይዞ ቀረበ። አጠፋፉ የካሜራ ፍላሽ መሰለው ለተባለ ባልደረባው ነው ስሙ የወጣው። በነገራችን ላይ፣ ያን ጊዜ የእኛ የሕክምና ትምህርት ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው የተጀመረው።

የማሱኦካ ርካሽነት ዋጋ አለው። ፍላሽ ላይ የሚጻፈው በገጽ ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ መቶ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው። እኔ ያደግሁት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። የሰፈራችን መርጌታ ብራና ላይ ሲሳሳቱ ቃሏን ብቻ በቢላ ፍቀው እዚያው ላይ ይጽፉ ነበር። ፍላሽ ይህን አይችልም፤ አንድ ቃል ለማረም ጥራዙን በሙሉ መፋቅ ነው። ብራናው ደግሞ በተፋቀ ቁጥር እንደሚሳሳው ሁሉ ፍላሹም ያልቃል። በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ዓይነት 100,000 ጊዜ ገደማ መጥፋት ይችላል፤ ሦስት ቢት የሚጨመቅበት ርካሹ ግን ጥቂት ሺህ ጊዜ ቢችል ነው።

ስለዚህ የዲስኩ ተቆጣጣሪ የተስተካከለውን ገጽ ባዶ ቦታ ላይ ይጽፍና አሮጌውን «አይሠራም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ባዶ ቦታ ሲያጥር የሞቱ ገጾች የበዙበትን ብሎክ ይመርጣል፤ በውስጡ የቀሩትን ሕያዋን ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጥና ብሎኩን ያጠፋል። ሕያው የሆነውን ሳይገለብጥ ካጠፋ፣ የእኚያን እናት ካርድ ማቃጠል ማለት ነው። የሞተውን እንደ ሕያው እየገለበጠ ከኖረ ደግሞ ዲስኩ ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ምልክቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ቴራባይት ዲስክ በአራት አራት ኪሎባይት ቢከፋፈል 268 ሚሊዮን ቁራጭ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቢት ቢመደብ መዝገቡ 32 ሜጋባይት ነው። ችግሩ መዝገቡ በእያንዳንዱ ጽሕፈት መለወጡ ነው። በተለወጠ ቁጥር ፍላሹ ላይ ይጻፍ ቢባል መዝገቡ ራሱ ዲስኩን ይጨርሰዋል። ፈጣኑ ማስታወሻ ላይ ብቻ ይቀመጥ ቢባል ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ጎንደር ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መላው መዝገቡን ፈጣኑ ላይ ይዞ፣ ለውጦችን ብቻ እያጠራቀሙ መጻፍ፣ አልፎ አልፎም ሙሉ ግልባጭ ማስቀመጥ ሆነ። መብራት ሲመጣ የመጨረሻው ግልባጭ ይነበብና ለውጦቹ በተራ ይደመሩበታል። ሌላም መንገድ አለ፦ እያንዳንዱ ገጽ የባለቤቱን ቁጥር ኅዳጉ ላይ ይዞ ይቀመጣል፤ የማጽዳት ቀን ሲደርስ ብቻ ያ ቁጥር አሁንም ወደዚህ ገጽ ይጠቁም እንደሆነ ከዋናው ማውጫ ጋር ይመሳከራል። ማስታወሻ ይቆጥባል፤ ማጽዳቱን ግን ያዘገየዋል። ጋሼም ቢሆኑ የሚሠሩት በሁለተኛው መንገድ ነበር፤ ለዚያ ነው ግማሽ ሰዓት የፈጀው።

ከእኛ ቤት ይህን ሥራ በወግ የሚያውቀው ዳባት ያለው የምርምር ማዕከላችን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከተደረገው ቆጠራ ወዲህ የተወለደው፣ የሞተው፣ ለቆ የሄደው ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ሰው ሲሞት መዝገቡ አይሰረዝም፤ የማብቂያ ቀን ይጻፍበታል። ያ ቀን ካልተጻፈ የሞተ ሰው ከሕያዋን ጋር ይቆጠርና የሞት መጠን ስሌታችን ይበላሻል። ከተማሪነቴ ጀምሮ ለመዝጋቢዎቹ ያለኝ አክብሮት ከብዙ ፕሮፌሰር ይበልጣል፤ ፕሮፌሰሮቼ ይቅር ይበሉኝ።

ዲስኩን በተመለከተ አንድ ጉድለት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እኛ ፋይል ስናጠፋ ኮምፒውተሩ ስሙን ከማውጫው ይፍቃል እንጂ ለዲስኩ አይነግረውም ነበር፤ ዲስኩም የሞተውን ገጽ እንደ ሕያው ተሸክሞ ይዞራል። «ትሪም» የተባለው ትእዛዝ ከ2009 ገደማ ጀምሮ በዊንዶውስ 7 እና በሊኑክስ ሲገባ ነው መርዶው ለዲስኩ መድረስ የጀመረው። ቢደርሰውም ወዲያው ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ብሎኩ ተራው እስኪደርስ ጽሑፉ እዚያው ነው። በኪሳችን የምንይዛቸው ትንንሾቹ ፍላሾች ደግሞ አብዛኞቹ መርዶውም አይደርሳቸውም። የሕመምተኛ ስም ያለበትን ላፕቶፕ «አጥፍቼዋለሁ» ብለን ለሰው ከመስጠታችን በፊት ዲስኩ ራሱን በሙሉ እንዲያጠፋ የሚያደርገውን ትእዛዝ መጠቀም፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው መረጃውን በይለፍ ቃል መመስጠር ነው።

የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁባት ፍላሽ አሁንም አለች። የሕመምተኞቹን ስም ዝርዝር ካጠፋሁት ዓመታት አልፈዋል። ልጄ ለትምህርት ቤት ፎቶ መያዣ ስትጠይቀኝ ሌላ ገዛሁላት።