የኮሎራዶው ማጠቢያ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)

ከጁን 1978 እስከ ዲሴምበር 1980 በምዕራብ ኮሎራዶ፣ አሜሪካ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በፊንጢጣ በኩል አንጀታቸውን በውሃ ካሳጠቡ ሰዎች ቢያንስ 36ቱን አሜባ ያዛቸው። አሥሩ ደንዳኔያቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከአሥሩ ስድስቱ ሞቱ። አሜባን ክኒን ውጦ የሚገላገሉት በሽታ አድርገን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ለማመን ይከብዳል።

ሲጣራ መሣሪያው እንደወትሮው ከጸዳ በኋላም የሰገራ ባክቴሪያ ሞልቶበት ተገኘ። በተለይ የተጋለጡት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለበት ሰው ቀጥለው የታጠቡት ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ግን መሣሪያው አይደለም። ደም የሚያስቀምጠው ሰው መጀመሪያውኑ እዚያ ምን ይሠራል? የሚያስፈልገው የሰገራ ምርመራ ነበር።

ወደዚያ የወሰደው አንድ አሮጌ ሐሳብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ቡሻር ሰው ከገዛ አንጀቱ በሚወጣ መርዝ ይመረዛል አለ። ሐሳቡ ቶሎ ተወደደ። አሜሪካ ውስጥ ጆን ሃርቪ ኬሎግ (አዎ፣ የኮርንፍሌክሱ ኬሎግ) በሽተኞቹን በውሃ ያጥብ ነበር። ለንደን ላይ አርቡትኖት ሌን የሆድ ድርቀት ያለባቸውን ሰዎች ደንዳኔ እስከ መቁረጥ ደረሰ።

በ1919 ዋልተር አልቫሬዝ ቀላል ነገር ተናገረ፦ የድርቀት ራስ ምታት ሰውየው እንደተጸዳዳ ወዲያው ይለቀዋል። ደም ውስጥ የገባ መርዝ ቢሆን በደቂቃ አይጠፋም። የሚያሳምመው የአንጀቱ መወጠር ነው። ሐኪሞች ሐሳቡን ቀስ በቀስ ተዉት፤ ማጠቢያው ግን አልተጣለም። ዛሬ "ዲቶክስ" ተብሎ በየስልካችን ይመጣል። የእኛ ኮሶ እንኳ፣ ስንቱን ቢያንገላታም፣ የሚያሳድደው በዓይን የሚታይ ትል ነበር።

ኢኒማ በራሱ ክፉ አይደለም። ሐኪም ለድርቀት ያዘዋል፤ የደንዳኔ ቁስለት ላለባቸውም መድኃኒት በዚያው መንገድ ይሰጣል። ያኔ ግን መጠኑ ትንሽ ነው፣ በሽታውም ታውቋል። "ለማጽዳት" ተብሎ በብዙ ውሃ የሚገፋው ቁስል ያሳሳውን አንጀት ሊበሳ ይችላል። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው የሶዲየም ፎስፌት ኢኒማም ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀም ኩላሊትንና ልብን ሊጎዳ፣ ሊገድልም እንደሚችል አስጠንቅቋል። ይበልጥ ይጠንቀቁ ካላቸው መካከል ሕፃናት፣ ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የኩላሊት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም አንጀታቸው የተዘጋ ወይም የተቆጣ ሰዎች ይገኛሉ።