ቦዩ ትቶት የሄደው ውሃ

ካናል ዊንቸስተር ቦይ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ስሙን እንጂ ውሃውን አያገኝም። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችውን ይህችን ከተማ በ1828 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቆረቆሯት ሪዩበን ዶቭና ጆን ኮልማን ናቸው። ሲነገር እንደኖረው፣ የኦሃዮና ኢሪ ቦይ ቆፋሪዎች የዶቭን የስንዴ ማሳ ለሁለት ሰንጥቀውት ሲያልፉ ሰውዬው ለካሣ ሊከስ ተነሣ። ሠራተኞቹ ግን ክሱን ትቶ መሬቱን ለከተማ እንዲሸነሽን መከሩት። እሱም ሰማ። “ካናል” የሚለው ቃል የተጨመረው በኋላ ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ ዊንቸስተር የሚባል ሌላ ከተማም ስለነበር።

ቦዩ ከ1825 እስከ 1832 ተቆፍሮ ክሊቭላንድን ከፖርትስመዝ አገናኘ፤ ርዝመቱ 496 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ጀልባ የሚጎትቱት በዳርቻው የሚሄዱ ፈረስና በቅሎ ነበሩ። ችግሩ ቦዩ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ከላይ ውሃ ካልመጣለት ይደርቃል። ስለዚህ ከካናል ዊንቸስተር በስተምሥራቅ፣ በከፍታው ቦታ ላይ የነበረ ረግረግ ተገድቦ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ።

ውሃው ሲሞላ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚመጥ ስፋግነም የተባለ ተክልና ክራንቤሪ የበቀሉበት የረግረጉ አንድ ክፍል በመስጠም ፈንታ ከነሥሩ ተላቆ ተንሳፈፈ። በበረዶ ዘመን የበቀለ ዘር፣ በሰው ግድብ ላይ ደሴት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ባቡር በ1869 ካናል ዊንቸስተር ሲደርስ የቦዩ ገበያ ቀዘቀዘ፤ የ1913ቱ ጎርፍ ደግሞ ጨረሰው። ሐይቁ ግን አልተጣለም። ገና በ1894 የኦሃዮ ምክር ቤት የሕዝብ መናፈሻ አደረገው፤ ዛሬ ባክአይ ሌክ ይባላል። የጭፈራ አዳራሽ፣ መጫወቻ፣ ሞተር ጀልባ ተከተለ። የጀልባው ማዕበል የደሴቷን ጠርዝ እየሸረፈ ይሄዳል፣ ደሴቷም ትጠባለች። አሁን ጥብቅ ቦታ ናት፣ ያለ ፈቃድ አይረገጥባትም። ጥበቃው ግን መናፈሻው ከተከፈተ ብዙ ዘመን በኋላ ነው የመጣው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት።

ሰውንና ተፈጥሮን ጎን ለጎን የያዙ መናፈሻዎችም በአቅራቢያው አሉ። በኮሎምበስ አካባቢ መናፈሻ የሚያስተዳድረው ሜትሮ ፓርክስ የተቋቋመው በ1945 ነው። በ1948 የከፈተው የመጀመሪያው መናፈሻ ብላክሊክ ዉድስ የጎልፍ ሜዳም አለው፤ ያው መናፈሻ ውስጥ ደግሞ በመጀመሪያው ዳይሬክተር በዋልተር ታከር ስም የተጠበቀ ደን አለ። ጎልፍ ተጫዋቹና እንቁራሪቷ አንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው፣ ግን አይገናኙም።

ከዚያ የሚነሣው የብስክሌት መንገድ በካናል ዊንቸስተር ጎረቤት ወዳለው ፒከሪንግተን ፖንድስ ያመራል። የኩሬዎቹ መነሻ የበረዶ ዘመን ነው። የበረዶው ግግር ሲያፈገፍግ ጠጠር ውስጥ የተቀበረ የበረዶ ቋጥኝ ትቶ ሄደ፤ ቋጥኙ ሲቀልጥ ጉድጓድ ቀረ። እዚህ ሰው የተመደበለት ቦታ ዳር ነው፦ የእግር መንገዱም፣ የሽርሽር ጠረጴዛውም፣ ከእንጨት የተሠራው መመልከቻም በጠርዙ ናቸው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዲህ ያለ ወሰን እንግዳ አይደለም። በደቡብ ጎንደር የአጸደ ቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠናው የደን ምሁር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የድንጋይ ካብ እንዲሠራላቸው የደከመ ሰው ነው። ካቡ ከብትን ይከለክላል እንጂ ምእመንን አይመልስም። የፒከሪንግተን ኩሬዎች ካብ የላቸውም፤ በካቡ ምትክ መንገዱ የት እንደሚታጠፍ ነው የተወሰነው።

በጋው ሲገፋ ኩሬዎቹ ይጎድላሉ፣ ጭቃቸውም ይገለጣል። ለሽርሽር የመጣ ሰው ፊቱን ያጨማድድ ይሆናል። ወደ ደቡብ የሚሰደዱት ባለ ረጅም እግር ወፎች ግን የሚያርፉት በዚያ ጭቃ ላይ ነው፤ መንቁራቸውን ሰክተው ትል ሲፈልጉ፣ ሰዉ ከእንጨቱ መመልከቻ ላይ በመነጽር ያያቸዋል።