የአረጋውያን ሞት በስዊድን መዝገብ

የዛሬ አረጋውያን ከአያቶቻቸው ዘግይተው ይሞታሉ ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበር የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ቢመስልም፣ መልስ የሚገኝለት ሁለት ነገሮች በጽሑፍ ሲኖሩ ብቻ ነው፤ እነሱም በአንድ ዓመት በየዕድሜው የሞቱት ሰዎች ቁጥርና በዚያው ዓመት በዚያው ዕድሜ በሕይወት የነበሩት ሰዎች ቁጥር ናቸው። የፊተኛው ለኋለኛው ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ዕድሜ-ተኮር የሞት ምጣኔ ይባላል። ሟቾቻቸውን የቆጠሩ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ለምሳሌ ለንደን በ17ኛው መቶ ዘመን የሟቾችን ዝርዝር በየሳምንቱ ታሳትም ነበር። ሙታንንና ሕያዋንን በአንድነት፣ በዕድሜና በጾታ ለይታ፣ በመላ አገር ሳታቋርጥ በመመዝገብ ግን ስዊድንን የቀደማት የለም፤ ስለዚህም የአረጋውያንን ሞት በዘመናት መካከል ለማነጻጸር የሚነሣ ተመራማሪ ሁሉ ወደዚች አገር መዛግብት መሄዱ አይቀርም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዝገቡ መነሻ ሃይማኖታዊ ነው። በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ የሉተራን ቄስ በሰበካው የሚወለዱትን፣ የሚጋቡትንና የሚሞቱትን እንዲጽፍ፣ ምእመናኑም ንባብና ትምህርተ ሃይማኖት ማወቃቸውን በየጊዜው እየፈተነ እንዲመዘግብ አዘዘ። የፈተናው መዝገብ አሠራር ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ገጽ ነበረው፣ በገጹም ላይ ከአባወራው ጀምሮ እስከ አገልጋዩ ድረስ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይሰጠው ነበር፤ በመስመሩ ላይ ስሙ፣ የተወለደበት ጊዜ፣ የንባብ ችሎታው ይሰፍራል፣ ሰውየው ወደ ሌላ ሰበካ ሲሄድ ወይም ሲሞት መስመሩ ይሰረዛል። እነዚያ ቀሳውስት የሚያስቡት ስለ ምእመናኑ ነፍስ ድኅነት እንጂ ስለ ስሌት አልነበረም። ሆኖም መዝገቡ እየተሟላ በሄደባቸው ሰበካዎች አንዲት አሮጊት ስትሞት ዕድሜዋ በዘመዶቿ ግምት ብቻ የሚነገር መሆኑ ቀረ፤ የተወለደችበት ጊዜ ገና በልጅነቷ ተጽፎ ስለነበር የሞቷ ቀን ከእሱ ጋር ሊመሳከር ቻለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ስሌት ሁሉ የተሠራው በዚህ ማመሳከሪያ ላይ ነው።

በ1749 መንግሥት ይህን የቀሳውስት ልማድ ወደ አገራዊ ቆጠራ ለወጠው። ታቤልቬርኬት የተባለው ሥርዓት፣ ትርጉሙ የሠንጠረዥ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰበካ የታተመ ቅጽ አደለ፤ ቄሱ ከመዝገቡ እየቀዳ ይሞላዋል፣ ቅጹም በቤተ ክህነትና በአውራጃ ሹማምንት በኩል ደረጃ በደረጃ እየተደመረ ስቶክሆልም ይደርሳል። በወቅቱ ፊንላንድም የስዊድን ግዛት ስለነበረች በቆጠራው ተካትታለች። የመጀመሪያው ድምር ሲታይ ስዊድን ብቻዋን የነበሯት ነዋሪዎች ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሆነው ተገኙ። ይህም ባለሥልጣናቱ ተስፋ ካደረጉት እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ ጠላት ድካማችንን ያውቅብናል በሚል ሥጋት ውጤቱ ለዓመታት በምሥጢር ተያዘ። ምሥጢሩ ከላላ በኋላ ቁጥሮቹን ለንባብ ካበቁት ሰዎች ዋነኛው፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች ዑደት በማስላት የታወቀውና የሮያል የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፔር ቫርጀንቲን ነበር። እሱ በ1766 ያሳተመው ጽሑፍ የአንድን አገር ሕዝብ የሞት ምጣኔ በዕድሜና በጾታ ከፋፍሎ አቀረበ፤ ሴቶች በአብዛኛው የዕድሜ ክልል ከወንዶች ያነሰ የሞት ምጣኔ እንዳላቸውም በቁጥር አሳየ።

ከእነዚህ ሠንጠረዦች የሚነበበው የ18ኛው መቶ ዘመን እርጅና ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። በዚያ ዘመን ስዊድን ውስጥ የተወለደ ሕፃን በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚሰላለት ዕድሜ ከ35 እስከ 38 ዓመት ገደማ ነበር። ይህ ስሌት በአማርኛ ጋዜጦች ብዙውን ጊዜ «አማካይ የዕድሜ ጣሪያ» ይባላል፤ ሆኖም ጣሪያ የሚለው ቃል ሰዎች ሁሉ በአርባ ዓመታቸው ያረጁና ያልፉ የነበረ ያስመስላልና ባይለመድ በተሻለ ነበር። አማካዩን ወደ ታች የጎተተው የሕፃናት ሞት ነው፤ ከአምስት ሕፃናት አንዱ ያህል የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይደፍን ይሞት ነበር። ከዚያ ሁሉ ተርፎ 65 ዓመት የሞላው ሰው ግን ገና ወደ 10 ዓመት የሚሆን ዕድሜ ይጠብቀው ነበር።

እነዚህ 10 ዓመታት እንዴት እንደሚያልፉ የሚወስነው መሬት ነበር። ርስት ያለው ገበሬ እርሻውን ለልጁ ወይም ለገዢ ሲያስረክብ የጽሑፍ ውል ይዋዋላል፤ በውሉም እስኪሞት ድረስ የሚሰጠው የእህል መጠን፣ ማገዶው፣ የሚተኛበት ክፍል፣ አንዳንዴም የምትታለብለት ላም ሳይቀር ይዘረዘራል። ጧሪ የሌለው ድሃ ሽማግሌ ደግሞ ጥቂት ቀን እዚህ፣ ጥቂት ቀን እዚያ እየተባለ ከእርሻ ቤት ወደ እርሻ ቤት በተራ ይዘዋወር ነበር። ይህ በእርጅና ዕድሜ የሚደረግ ከደጅ ደጅ መንከራተት በድሆች መርጃ ሕግ የተከለከለው በ1918 ነው። ሁለቱም ሽማግሎች ሲሞቱ ቄሱ በሞት ምክንያት ረድፍ ላይ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ «እርጅና» የሚለውን አንድ ቃል ነበር። ዘመኑ ከዚያ የተሻለ የሚያውቀው ምክንያት ስላልነበረው ቄሱ አይወቀስም፤ ነገር ግን ቃሉ የሳንባ ምችን፣ የልብ ድካምንና ረኀብን በአንድ ስም ሸፍኗል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሞት ምጣኔ መቀነስ ጀመረ። ጳጳስና ባለቅኔ የነበረው ኤሳያስ ቴግነር ለሕዝቡ መብዛት ሰላምን፣ የፈንጣጣ ክትባትንና ድንችን ምክንያት አድርጎ የሰጠው ማብራሪያ እስከ ዛሬ በስዊድን ይጠቀሳል፤ ክትባቱ በ1816 ግዴታ ሆኗል። የተረፉት ግን በአብዛኛው ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። በ1900 አካባቢ 65 ዓመት የሞላው ስዊድናዊ የሚጠብቀው ዕድሜ ወደ 12 ወይም 13 ዓመት ነበር፤ በመቶ ሃምሳ ዓመት የተጨመረው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ በ1825 የሞት አደጋ ከጉልምስና በኋላ በየዓመቱ በተመሳሳይ እጥፍ እያደገ እንደሚሄድ ባሳየ ጊዜ፣ ይህ ግኝቱ የእርጅና ሞት በተፈጥሮ የተወሰነና የማይነቃነቅ ነው ለሚለው እምነት እንደ ማረጋገጫ ተወስዶ ኖረ። ጎምፐርትዝ ያሳየው የመወጣጫውን ቅርጽ ሲሆን፣ መወጣጫው ከየትኛው ከፍታ እንደሚጀምርና ከዘመን ዘመን ዝቅ ሊል መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነበር።

የቀድሞዎቹ ቁጥሮችም ሙሉ በሙሉ አይታመኑም። የ18ኛው መቶ ዘመን ሽማግሎች የተወለዱት መዝገቡ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ ስለነበር ዕድሜያቸው ተጋንኖ የተጻፈ አሉ፤ የሕያዋን ዕድሜ ሲጋነን ደግሞ የሽማግሎች ሞት ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል። በ1858 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ተቋቁሞ የአሠራር ጥራቱ ሲሻሻል፣ ተመራማሪዎች ስለ እርጅና ሞት ያለ ብዙ ጥርጣሬ የሚነጋገሩት ከ1861 ወዲህ ባሉት መረጃዎች ሆነ።

እውነተኛው ለውጥ የታየው ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። ስዊድን በ1913 ሕዝቡን በጠቅላላ የሚያካትት የጡረታ ሕግ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚ ብትሆንም፣ በዚያ ሕግ የሚከፈለው ገንዘብ አነስተኛ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን የሰማንያ ዓመት ሴቶች የሞት ምጣኔ በግልጽ መውረድ ጀመረ፤ በመቶ ዘመኑ መጨረሻም በ1950 ከነበረው ከግማሽ በታች ደረሰ። ወንዶቹ በልብ በሽታና በሲጋራ ምክንያት እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ባሉበት ቆመው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ሲስፋፋና ማጨስ ሲቀንስ እነሱም ተከተሉ። ዛሬ 65 ዓመት የሞላት ስዊድናዊት ከ21 ዓመት በላይ፣ ወንዱ ደግሞ 19 ዓመት ገደማ ይጠብቃቸዋል። በየዓመቱ ከሞቱት መካከል በዕድሜ የላቀው ሰው ዕድሜ በ1860ዎቹ 101 ገደማ ነበር፤ በ1990ዎቹ ወደ 108 ደረሰ። ለዚህ ጭማሪ ከ70 በመቶ በላይ አስተዋጽኦ ያደረገው ከ70 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ሞት ላይ የታየው ቅነሳ መሆኑን በ2000 የታተመ ጥናት አስልቶ አሳይቷል።

ማነጻጸር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ከ2020 የበለጠ የሚያስረዳ ዓመት የለም። በዚያ ዓመት ስዊድን ውስጥ 98,124 ሰዎች ሞቱ፤ የሟቾች ቁጥር ከ1918ቱ የኅዳር በሽታ ወዲህ ይህን ያህል ደርሶ አያውቅም ተባለ፤ እውነትም ነበር። ዳሩ ግን በ1918 ከ104 ሺህ በላይ ሰው የሞተባት አገር ነዋሪዎቿ 5.8 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በ2020 ወደ 10.4 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ የሟቾች ቁጥር ለነዋሪው ሲካፈል የሚገኘው ጥቅል የሞት ምጣኔ በፊተኛው ዓመት ከሺህ 18፣ በኋለኛው ከሺህ 9.5 ገደማ ነው። ይህም አይበቃም፤ በ1918 ከሕዝቡ 8 በመቶ ገደማ የነበሩት 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በ2020 20 በመቶ ሆነዋል፤ አረጋዊ የበዛበት ሕዝብ ደግሞ ጤናው ቢሻልም ብዙ ሟች ይኖረዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሁለቱን ዓመታት ዕድሜ-ተኮር ምጣኔ ወስደው ለሁለቱም አንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ያለው ሕዝብ ላይ ያሰሉታል፤ ይህም በዕድሜ የተስተካከለ ምጣኔ ይባላል። የመነሻ ዓመት ምርጫም ውጤቱን ይለውጣል፤ በ2019 የሞቱት 88,766 ብቻ ስለነበሩና ይህም ከወትሮው ያነሰ ስለነበር፣ 2020ን ከ2019 ጋር ብቻ ማነጻጸር ጉዳቱን አግዝፎ ያሳያል።

እነዚህ ማስተካከያዎች የደረሰውን ጉዳት አይሰርዙትም። የ1918ቱ ወረርሽኝ በተለይ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ሲያጠቃ፣ በ2020 በኮሮና ከሞቱት ስዊድናውያን ከአስሩ ዘጠኙ ያህል 70 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹም በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ይኖሩ ነበር። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 ባወጣው የመጀመሪያ ዘገባ አረጋውያንን የመጠበቁ ዓላማ እንዳልተሳካ በግልጽ ጻፈ። ሽማግሌ ስለሆነ ሞቱ አያስደንቅም የሚለው አስተሳሰብ የሚስማማው፣ ቄሱ «እርጅና» ብሎ ጽፎ መስመሩን ይሰርዝ ለነበረበት ዘመን ነው።

የስዊድን ልምድ ኢትዮጵያም ደርሷል። ከ1973 ጀምሮ የድሮ ሰበካ መዛግብትን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ የኖረው የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1979 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ገደማ በቡታጅራ አካባቢ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚከታተል ምዝገባ አስጀመረ። ዋናው ትኩረት የሕፃናት ሞት ነበር፤ ሆኖም በየቤቱ ያሉ አረጋውያንም ተመዘገቡ፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚያረጅ ሰው ዕድሜ በወረቀት ላይ መነሻ አገኘ። የተወለዱበት ቀን ባልተጻፈላቸው ሰዎች ግን በአገሪቱ ቆጠራዎች ሁሉ የታየው ችግር ይከሰት ነበር፤ ዕድሜያቸው በ60፣ በ70ና በ80 ላይ ይከማች ነበር፤ ያኔ ቆጣሪው ጣሊያን ሲገባ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር ብሎ ይጠይቅ፣ ከመልሱም ዓመቱን ይገምት ነበር።