ሜዳው ሲርቅ፣ ስክሪኑ ሲቀርብ፦ ከቆቦ የታየ የኳስ ታሪክ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብጽን "በሜዳው" አስተናግዶ 2 ለ 0 አሸነፈ። ግቦቹን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳሩን ስታዲየም ካገደ በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዲደረግበት የተፈቀደለት አንድም ሜዳ አልቀረም። ባለሜዳው ቡድን በአውሮፕላን ወደ "ሜዳው" ሄደ፣ ደጋፊው ደግሞ ባለበት ቀረ።

ያን ጊዜ ቆቦ ከጦርነት ከወጣች ስድስት ወር ገደማ ሆኗታል። በሐምሌ 2013 በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ በታኅሣሥ 2014 ነው የወጣችው። ከግብጹ ጨዋታ ሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ በነሐሴ 2014 መጨረሻ፣ ዳግም ተያዘች። ለራያ ቆላ ሰው "የአገር ውስጥ ጨዋታ" የሚባለው ነገር የት እንዳለ፣ በምን እንደሚታይና ማን እንደሚከፍልበት መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰላም ሲወርድ ወጣቱ መጀመሪያ የሚወጣው ወደ ሜዳ ነው። ሜዳው ምን እንደሆነ ማወቅ ታሪኩን ከሥሩ መጀመርን ይጠይቃል።

ከሩር እስከ ሬዲዮ

ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ከመምጣታቸው በፊት የአካባቢ ጨዋታ ተመልካችና ተጫዋች ተብሎ በደንብ አይለይም ነበር። ማሽላው ታጭዶ መሬቱ ሲገለጥ፣ ገና ሲደርስ፣ አንዱ መንደር ከሌላው መንደር ዱላ ይዞ ሩር ይጋጋል። በዚያ ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ነው፣ ዳር የቆመውም ሩሯ ወደሱ ከመጣች ዝም ብሎ አያሳልፋትም። ጨዋታውን ለማየት መገኘት ያስፈልጋል፣ ያልተገኘ ማታ ወሬውን ይሰማል።

እግር ኳስ ሲመጣ ይህን ልማድ አልሻረውም። የጨርቅ ኳስ፣ በድንጋይ የተሠራ ግብ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ከ10 ሰዓት በኋላ የሚጀመር ግጥሚያ፦ የቆላ ኳስ ሰዓቱን የሚቆርጥለት ሙቀቱ ነው። በዞብል ተራራ ትይዩ ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ሬዲዮ የመጀመሪያውን ለውጥ አመጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተባበረችውን አረብ ሪፐብሊክ (ግብጽን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ ዋንጫውን አነሣች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል በአገሪቱ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስታዲየም ያልገባ ኢትዮጵያዊ ያን ቀን የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የሰሎሞን ተሰማና የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ እየገባ ያላየውን ሰው "አየሁ" አሰኘው። በታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ድረስ የሚያስታውሰው ከምስሉ ይልቅ የደምሴን ድምፅ ነው።

ሬዲዮ አንድ ትልቅ ጸባይ ነበረው። መሣሪያው አንድ ሆኖ ጆሮው ሃያ ነው። ባለሬዲዮው ክፍያ አይጠይቅም፣ ሱቁ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ይሰማል። ሌላም ጸባይ ነበረው፤ ያወራው ስለ አዲስ አበባ ነው። የቆቦና የወልዲያ፣ የአላማጣና የቆቦ ግጥሚያ በአየር ላይ አልወጣም። "የአገር ውስጥ" የሚለው ቃል ትርጉሙን መለወጥ የጀመረው ያኔ ነው። መንደር መሆኑ ቀርቶ ዋና ከተማ ሆነ።

የዲኤስቲቪ ቤት ዘመን

ቴሌቪዥን ወደ ትንንሽ ከተሞች ሲዳረስ በመጀመሪያ ባለቤቱ መንግሥት ስለነበር ያሳየውን በነጻ አሳየ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ አየ። በተከታዩ ጥር 13 በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲወጡ ቀኑ ከ1954ቱ ድል ጋር አንድ ሆኖ ገጠመ። ሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ጆሮ የነበረው ዓይን ሆነ።

በዚህ መሐል ሌላ ቤት ተከፍቶ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ አግዳሚ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ወይም ሁለት ስክሪን፣ በሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታ በእጅ ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ጥቂት ብር ተከፍሎ የሚገባበት የዲኤስቲቪ ቤት። በዋናው አስፋልት ላይ ከወልዲያ እስከ አላማጣ ባሉ ከተሞች የወጣቱ ቅዳሜና እሑድ እዚያ ዋለ። አርሰናልና ማንችስተር ዩናይትድ የሰፈር ስም ሆኑ።

የዲኤስቲቪ ቤት የደሃ ብልሃት ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን ወርሃዊ ክፍያ ስልሳ ሰው ተከፋፍሎ ይችለዋል። የሬዲዮው ደጃፍ ልማድ ነው ጣሪያ የተሠራለት። የማይተዋወቁ ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይታረቃሉ።

የሜዳውን ተመልካች የወሰደውም ይኸው ቤት ነው። እዚህ ላይ የሰዓቱን ነገር ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት (በነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት) የሚጀመሩ ጨዋታዎች በአገሪቱ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፉም። ይህ ከ1950ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) የተወረሰ ደንብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ታላላቆቹ ክለቦች በስክሪን ከታዩ የትንሽ ከተማው ሰው የሰፈሩን ቡድን ሜዳ ትቶ ቤቱ ይቀመጣል የሚል ስጋት።

ያው ጨዋታ ኢትዮጵያ ሲደርስ እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ይህ የቆላ ሙቀት በርዶ የሰፈር ኳስ የሚሟሟቅበት ሰዓት ነው። እንግሊዝ የራሷን ትንንሽ ሜዳዎች ከምትጠብቅበት ጨዋታ የቆቦን ሜዳ የሚጠብቅ ደንብ ግን አልነበረም። ለንደን አጠገብ ያለ ሰው ማየት የማይፈቀድለትን ጨዋታ የቆቦ ወጣት በቀጥታ ያየዋል። የሰፈሩን ግጥሚያ ደግሞ ለማየት ምርጫ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም የሚሸነፈው ሰፈሩ ነው።

ስታዲየሙ መጣ፣ ሊጉ ሄደ

ለሰሜን ወሎ ተስፋ የመጣው ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ከቆቦ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ወልዲያ 25,155 ወንበር ያለው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። የከተማው ክለብ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። ከቆቦ፣ ከሮቢትና ከጎብዬ ተነሥቶ ትልቅ ክለብን በዓይን አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ተቻለ።

ዕድሜው አጭር ሆነ። በኅዳር 2010 የወልዲያና የመቀሌ ጨዋታ ቀን ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ኳስ የፖለቲካው መንደርደሪያ ሆነች። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ሃያ አምስት ሺው ወንበር የታላላቆቹን ክለቦች ጨዋታ አጣ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከሁሉም ይበልጣል። በ2013 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት፣ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የስርጭት ውል ተፈራረመ። የአገሪቱ ሊግ እንዲህ ባለ ጥራት በስክሪን ታይቶ አያውቅም። ገንዘቡ ለክለቦች ደረሰ፣ ተጫዋቾች በውጭ አገር ታዩ፣ ዳኛ በስህተቱ ተጠየቀ። ይህ ጥቅም የሚናቅ አይደለም።

ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ተከፈለ። በኮሮና ምክንያት የተጀመረው በአንድ ከተማ ተሰባስቦ የመጫወት ዘዴ ለካሜራውም፣ ለሆቴሉም፣ ለጸጥታውም ስለተመቸ ቀጠለ። በ2013 ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተዘዋወሩ። ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚያ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ፣ በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም፣ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። የጎንደር ሰው የቡድኑን ታላቅ ዓመት ያየው ልክ እንደ ቆቦ ሰው ነው፣ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ።

"በሜዳው" እና "ከሜዳው ውጭ" የሚሉት ቃላት በውጤት ሰሌዳ ላይ ብቻ ቀሩ። ሊሎንግዌ የዚህ መንገድ የመጨረሻ ጫፍ እንጂ ድንገተኛ ነገር አልነበረም።

ስልኩ ምን ያመጣል?

አሁን ዓለም ከሳህን ወደ ኢንተርኔት እየተሸጋገረ ነው። በአሜሪካ የአካባቢ ቡድኖችን ጨዋታ ሲያሳዩ የኖሩት የኬብል ጣቢያዎች ትልቁ ባለቤት በ2023 (እ.ኤ.አ.) የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የእግር ኳስ ሊግ ሙሉ በሙሉ ወደ አፕል የኢንተርኔት ስርጭት ገባ፣ ውሉም ሲፈረም የዐሥር ዓመት ነበር። የዚያ አገር ደጋፊ ቅሬታ "የከተማዬን ቡድን ለማየት ስንት ቦታ ልክፈል?" የሚል ነው።

የራያ ደጋፊ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ፣ ኢንተርኔቱ አለ ወይ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በጦርነቱ ጊዜም መብራትና ስልክ አብረው ጠፍተዋል። የሳተላይት ሳህን ጄኔሬተር ካገኘ ይሠራል፣ ሬዲዮም ሁለት ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ስልክ ላይ ያለ ጨዋታ ግን ከሩቅ በአንድ ትእዛዝ ይጠፋል። ሁሉም ጨዋታ ወደ ስልክ ሲሄድ፣ ኳስ የማየት መብት ከኔትወርኩ ጋር አብሮ የሚቋረጥ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው ብቸኝነቱ ነው። የሬዲዮው ደጃፍና የዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ወጪን ያካፍሉ ነበር። በስልክ ግን እያንዳንዱ የራሱን ዳታ ይገዛል፣ የራሱን ትንሽ ስክሪን በጆሮ ማዳመጫ ያያል። ዳታ መግዛት የማይችለው በጽሑፍ ውጤት ይከታተላል። ሶከር ኢትዮጵያና ሀትሪክ በየደቂቃው የሚጽፉት ዘገባ ለብዙዎች አዲሱ ሬዲዮ ነው፤ ድምፅ የሌለው ሬዲዮ።

ሆኖም ስልኩ ከሱ በፊት የነበረ መሣሪያ ሁሉ ያላደረገውን ማድረግ ይችላል። ሬዲዮም፣ ኢቲቪም፣ ዲኤስቲቪም ካሜራቸውን ወደ ቆቦ ሜዳ አላዞሩም፣ ማዞርም አያዋጣቸውም ነበር። አንድ ልጅ ስልኩን በሜዳው ጥግ ቢተክል ግን ግጥሚያውን ያለ ፈቃድ ክፍያና ያለ ስርጭት መኪና ማስተላለፍ ይችላል። ተመልካችም አለው። ከራያ ቆላ በጅቡቲና በየመን በኩል አድርጎ ሳዑዲ የገባ ወጣት ብዙ ነው። ሪያድ ወይም ጅዳ ላለው ልጅ ከማንችስተር ግብ ይልቅ የሰፈሩ ሜዳ አቧራ፣ ዳር የቆሙት ሰዎች ድምፅ፣ የታናሽ ወንድሙ ሩጫ ዋጋ አለው። ከስድሳ ዓመት በኋላ "የአገር ውስጥ ጨዋታ" የሚለው ቃል ወደ ጥንቱ ትርጉሙ፣ ወደ መንደሩ፣ ሊመለስ የሚችልበት የመጀመሪያው ዕድል ይህ ነው።

ዕድሉ በራሱ አይመጣም። የሊጉ የስርጭት ውል በተፈረመ ቁጥር የታችኞቹ ሊጎችና የወረዳ ውድድሮች በነጻ የመተላለፍ መብታቸው ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። አለዚያ ማንም የማያሳየውን ጨዋታ የሚያሳይ ልጅ "ባለመብት" በሚል ሰው ሊዘጋበት ይችላል። ፌዴሬሽኑ የቆላውን ሰዓት ከአውሮፓ ጨዋታ ጋር እንዳይጋጭ አስቦ ሊመድብ ይችላል፤ እንግሊዝ ለራሷ ያደረገችውን ማድረግ ማለት ነው። ክለቦችም ወደ ከተማቸው መመለስ አለባቸው፤ የካሜራው ምቾት ሲባል የጎንደርና የወልዲያ ወንበር ለዘላለም ባዶ ሊሆን አይገባም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላም ያስፈልጋል። ያለ ሰላም ሜዳውም፣ ኔትወርኩም የለም። ጥይት በሚጮህበት ቦታ ኳስ ዳር የሚቆም ተመልካች የለም፣ ስልኩን ወደ ሜዳ የሚያነሣ ልጅም የለም።

የቆቦ ልጅ ዛሬ ፕሪሚየር ሊጉን ከለንደን ሰው በተሻለ ያየዋል። የሰፈሩን ግጥሚያ ለማየት ግን አሁንም ያለው መንገድ አባቱ የነበረው ነው፦ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ በእግሩ ሄዶ ዳር መቆም።