ድምፅ ማጉያ ከደጃፍ ወደ ሳሎን

የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ አስቀድሞ ያለፈባት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ የተሰየመችው አዳማ የመንገደኛና የነጋዴ ከተማ ናትና፣ ድምፅ ማጉያ የሚባለው ዕቃ በእርስዋም ሆነ በሞጆ፣ በመቂና በሻሸመኔ የተለመደው ተቀማጩን ከማስደሰት ይልቅ አላፊ አግዳሚውን በመጥራት ነበር። በካሴት ዘመን የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ትልቁን ስፒከር ፊቱን ወደ አስፋልት አዙሮ ከደጃፉ ያቆመዋል፤ ጎረቤቱም በፈንታው ሌላ ዘፈን ይለቅበታል፤ ቪዲዮ ቤት በተስፋፋ ጊዜም የፊልሙን ተኩስ ከውጭ የሰማ ወጣት ሳንቲሙን ቆጥሮ ወደ ጨለማው ክፍል ይገባ ነበር።

ሰሚውን በመካከል አድርጎ ድምፅን ከግራና ከቀኝ ማምጣት ግን ለሀገራችን እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በኅዳር ጽዮን ሌሊት በዝዋይ ሐይቅ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት ቅኔ ማኅሌት የቆመ ምእመን ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው መቆማቸውን፣ በቀኝ የተመራውን ዜማ በግራ ያሉት መቀበላቸውን፣ ጸናጽሉ ከወዲህ ወዲያ ሲመላለስ ከበሮው በሁለቱ ረድፍ መካከል መመታቱን ያስተውላል። ይህን ነገር በኤሌክትሪክ ለመፈጸም የደከመው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን የስቴሪዮ ድምፅ ፈጠራውን ለማስመዝገብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለ አምስት ማጉያዎች አቀማመጥ ባወጣው ምክረ ሐሳብ የፊቶቹ ሁለት ማጉያዎች ከመካከለኛው በ30 ዲግሪ፣ የዙሪያዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ ማለትም ከጆሮ ጥቂት ወደ ኋላ ሆነው እንዲቀመጡ መከረ።

ይህ ቀመር በካርቶን ታሽጎ፣ ሆም ቴአትር ተብሎ ከአዳማ ሳሎን ሲገባ ሌላ ሕግ ገጠመው። ሶፋው ከግድግዳ ተጠግቷልና ከኋላው ስፍራ የለም፤ ተከራይ የባለቤቱን ግድግዳ በሚስማር አይበሳም፤ እመቤቲቱም በምንጣፏ ላይ ሽቦ ሲጋደም አትወድም። ስለዚህ አምስቱም ማጉያዎች በቡፌው ላይ፣ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ለፎቶግራፍ እንደ ተሰበሰበ ቤተ ዘመድ ተደርድረው ይታያሉ፤ ከኋላ ይመጣ ዘንድ የተቀዳው ድምፅም ከፊት ይመጣል። የስምጥ ሸለቆው ሙቀት መስኮቱን ያስከፍታል፤ ባዶው የብሎኬት ግድግዳ ንግግሩን እየመለሰ ያደበላልቀዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብ የሚመታው የቆርቆሮ ጣሪያ ተዋናዩን ጨርሶ ዝም ያሰኘዋል። እኔ ግን ከሁሉ የሚከፋው የሶፋው ነገር ይመስለኛል፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ፣ ሁለቱ የዙሪያ ማጉያዎች ከተቀማጩ ጆሮ ጥቂት ከፍ ብለው በጎንና በጎኑ ቢቆሙ፣ ሽቦውም በኮርኒሱ ጠርዝ ቢሄድ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃ ነበር።