የአሥራ አንድ ቀን ዳኞች

ታኅሣሥ 3 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ማታ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ከቤቷ ወጥታ ደብዛዋ ጠፋ። በማግሥቱ መኪናዋ ሰሪ ውስጥ፣ ኒውላንድስ ኮርነር በተባለ ኮረብታ ሥር ሰው አልባ ሆና ተገኘች። ጥርጣሬው በባሏ በአርቺ ላይ ወደቀ። እርሱ በዚያች ሌሊት ጎዳልሚንግ አጠገብ ከወዳጆቹ ቤት ነበር፤ ምስክርም አላጣም። ነገር ግን ቤቱ ከመኪናዋ ሥፍራ ብዙ አይርቅምና ጋዜጣ አንባቢው ሁሉ መርማሪ ሆነ፤ «ሌሊት ሹልክ ብሎ ቢወጣስ?» ይባል ጀመር። ኮናን ዶይል ጓንቷን ለመናፍስት ጠሪ ሰጠ፤ ዶሮቲ ሴየርስም ሥፍራውን ሄዳ አየች።

ታኅሣሥ 14 ቀን ደራሲዋ ሃሮጌት ከተማ ከሚገኝ ሆቴል በሕይወት ተገኘች። የተመዘገበችው በባሏ ውሽማ የቤተሰብ ስም ነበር። ያቺም ውሽማ በዚያች ሌሊት እዚያው ወዳጆቹ ቤት ነበረች። ሰውየው በእርግጥ የሚሸሽገው ነገር ነበረው፤ የሸሸገው ግን ደም አልነበረም። ሚስቱ ባትገኝ ኖሮ፣ እውነተኛ ቃሉ እስከ ዛሬ ሐሰት ተብሎ በቀረ ነበር።